ቀጥታ ቡጢን መመከት፤ ጀርባን ለገደል አለመስጠት

(በሠፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ራስን መከላከል ሥልጠና የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ ሙሉ ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ባለፈው ስብሰባ ላይ ወጣቶቹ የጀመሩት ሥልጠና ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚል ጥያቄ ተነሥቶ እንደነበረ ይታወሳል። አንዲት እናት፣ «ልጆቻችንን አምባጓሮ ልታስተምሩብን ነው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። አንድ አባት ደግሞ፣ «እኛ ዱላ ይዘን አድገናል፤ ቡጢ መመከት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ብለዋል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ልጆቹን የማሠለጥነው እኔ ስለሆንኩ መልሱን እንዳቀርብ ተነግሮኛል።

ስለ ሥልጠናው ሁሉ ልዘርዝር ብል ይመሻል። ስለዚህ አንዱን ብቻ መርጬ እናገራለሁ፤ ይኸውም ፊት ለፊት የቆመ ሰው በቀጥታ የሚሰነዝረው ቡጢ እንዴት እንደሚመከት ነው። ይህን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በክርክር መካከል፣ ሰው ለሰው ተጠጋግቶ ሲነጋገር፣ ሳይታሰብ የሚመጣው ይኸው ነው። የእሱም ወንድም አለ፤ እሱም በሁለት መዳፍ ደረትን መገፍተር ነው። መንገዳቸው አንድ ስለሆነ መመከቻቸውም አንድ ነው።

ዋናውን ቁም ነገር አስቀድሜ ልናገር። መመከት ማለት መልሶ መምታት አይደለም። መመከት ማለት ሳይወድቁ በእግር ቆሞ መቅረትና ከዚያ ቦታ በሰላም መሄድ ነው። ለምን ቢሉ፣ የምንኖርበትን ቦታ ማየት ይበቃል።

አገራችን ሜዳ አይደለም

እንደሚታወቀው ሁሉ ግሸን በመስቀል ቅርጽ የተሠራ አምባ ነው። ዙሪያው ገደል ነው። መውጫ መንገዱም ጠባብና ድንጋያማ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከአራቱም ማዕዘን ሕዝብ ይጎርፋል። አረጋዊው በዱላ ተደግፎ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ድካም ያለበት፣ ጾም ያደከመው፣ ሁሉም በዚያች መንገድ ያልፋል። «አሳልፈኝ»፣ «ተራዬ ነው»፣ «ረገጥከኝ» የሚሉ ቃላት መነሣታቸው አይቀርም። ሰው ነዋ!

በሜዳ አገር አንድ ሰው በቡጢ ቢመታ አፍንጫው ይደማል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ በሳምንቱ ይድናል። እዚህ ግን አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ሌላ ትርጉም አላት። ገደሉ እንኳ ባይኖር ድንጋዩ አለ። በአምባጓሮ ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ በቡጢው ኃይል ሳይሆን ወድቆ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ወይም ከደረቅ መሬት ጋር ሲጋጭ ነው። መቺው ሊገድል አላሰበም፤ ተመቺውም ለሞት የሚያበቃ ጠብ አልነበረውም። ነገር ግን ሁለት ቤት ይፈርሳል።

እንግዲህ ለሥልጠናው የመጀመሪያ ደንብ አድርገን የያዝነው ይህንን ነው፦ ጀርባህን ለገደል አትስጥ። ነገር ገና በቃል እያለ፣ ድምፅ ከፍ ሲል፣ ቀስ ብለህ ዞረህ የተራራውን ወገን ያዝ። ይህን የሚያህል መከላከያ የለም። ቡጢ ሳይሰነዘር ግማሹ ሥራ አልቋል ማለት ነው። ሌላውንም ሰው ቢሆን ወደ ገደሉ አታስጠጋው፤ የእሱ ነፍስም ነፍስ ነው።

ቡጢ ከዓይን ይቀድማል

«ሲመጣ አይቼ እመክተዋለሁ» የሚል ወጣት ብዙ ነው። እስቲ በሒሳብ እንየው። የሰው ዓይን አንድ ነገር አይቶ እጅ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ጊዜ ያልፋል። የለመደ ሰው ቡጢ ደግሞ በሰከንድ 7 ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል። በመካከላችሁ ያለው ርቀት 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ቡጢው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ይደርሳል። እጃችሁ ገና «ልነሣ ወይስ አልነሣ» ሲል አፍንጫችሁ ተመትቷል። ይህ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም፤ ጀግናውም ፈሪውም የተፈጠረው እንዲሁ ነው።

ቀጥታ ቡጢ ከሌላው የሚለየውም በዚህ ነው። ዞሮ የሚመጣ ጥፊ ወይም ከጎን የሚወረወር ጡጫ ክንዱ ሲከፈት ይታያል። ቀጥታው ግን አጭሩን መንገድ ነው የሚይዘው። ከመቺው ትከሻ ተነሥቶ ወደ አገጭ ሲመጣ የሚታየው የጡጫው ፊት ብቻ ስለሆነ ርቀቱን መገመት ያስቸግራል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? መፍትሔው ርቀት ነው። የተቆጣ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊነካችሁ በማይችልበት ቦታ ቁሙ፤ ቢያንስ የአንድ ክንድና የአንድ እርምጃ ያህል። ያን ጊዜ ሊመታችሁ ቢፈልግ መጀመሪያ መራመድ አለበት። እርምጃ ደግሞ ትከሻን፣ ወገብን፣ ጉልበትን ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ ይታያል። ዓይናችሁን ጡጫው ላይ አትትከሉ። የደረቱን የላይኛውን ክፍል ተመልከቱ፤ ሁለቱም ትከሻዎች በዚያው ይታያሉ። ትከሻ ሳይነቃነቅ የሚመጣ ቡጢ የለም።

በሩን መዝጋት

ይህ አምባ በጥንት ዘመን ነገሥታት የንጉሣውያንን ቤተ ሰብ ወንዶች ልጆች የሚያስጠብቁበት ምሽግ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ጠባቂው ምሽጉን የሚጠብቀው በሜዳው ላይ እየሮጠ አልነበረም። መውጫው ጠባብ ስለሆነ በሩን ይዞ ይቆም ነበር። የቡጢም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቀጥታ ቡጢ የሚፈልገው አንድ በር ነው፤ እሱም በሁለቱ እጆቻችሁ መካከል ያለው ክፍተት ነው። እጃችሁ ወደ ታች ከተንጠለጠለ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ነገር ግን ጡጫ ጨብጣችሁ ብትቆሙ ጠብ የፈለጋችሁት እናንተ ናችሁ ይባላል፤ ነገሩንም ታባብሱታላችሁ። ስለዚህ ልጆቹን የማስተምረው ሁለቱንም መዳፍ ከፍተው በደረታቸውና በአገጫቸው መካከል ወደ ፊት እንዲይዙ ነው። ይህ ምን ይመስላል? «ተው ወንድሜ፣ ተረጋጋ» የምንልበት የእጅ ምልክት አይደለም እንዴ! ሽማግሌ ሲገላግል እጁን የሚይዘው እንደዚህ ነው። ለተቆጣው ሰው ልመና ነው፤ ለተመልካቹ ምስክር ነው፤ ለእናንተ ደግሞ የተዘጋ በር ነው።

ከዚህ ላይ ሆኖ ቡጢው ከመጣ የሚደረገው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ ማድረግ፣ አፍን መዝጋት፣ ጥርስን ግጥም ማድረግ ያስፈልጋል። የተከፈተ መንገጭላ በቀላሉ ይሰበራል።

ሁለተኛ፣ ቡጢውን በመዳፍ ወደ ጎን ማሳለፍ ነው። በጉልበት መግጨት የለበትም። የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ብቻ ገፋ ቢደረግ ይበቃል፤ ቡጢው በጆሮ አጠገብ ያልፋል። ብዙ ጀማሪዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። እጃቸውን በሰፊው ይወረውሩታል፤ ወይም ቡጢውን ለመያዝ ወደ ፊት ይዘረጋሉ። ያን ጊዜ በሩ ይከፈትና ሁለተኛው ቡጢ ይገባል። ሁለተኛው ደግሞ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ማሳለፉ ካልተቻለ ክንድን ከጭንቅላት ጋር አጣብቆ መሸፈን ነው። ክርን ወደ ፊት፣ መዳፍ ከጆሮ በላይ። ክንድ ይቀላል፣ ያማል፤ ግን ከአገጭ ይሻላል።

አራተኛ፣ እግር ነው። ዋናውም ይኸው ነው። በቀጥታ ወደ ኋላ አትሂዱ። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው የሚረግጠውን አያይም፤ የሚያባርረው ግን ፊት ለፊት እያየ ከእሱ ፈጥኖ ይሄዳል። በጎን፣ ትንሽም ወደ ፊት ሰያፍ አድርጋችሁ ተራመዱ። ጉልበታችሁን ለዘብ አድርጉ፣ ተረከዛችሁ ላይ አትቀመጡ፣ እግሮቻችሁን አታጠላልፉ። በሌላ አገር ይህ ጥሩ ዘዴ ነው ይባላል። እዚህ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው።

አምስተኛ፣ አፍ ነው። አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። «በሕግ አምላክ!» ብሎ መጮህ የአባቶቻችን መከላከያ ነበር። የተሰነዘረ እጅ በዚህ ቃል ሲቆም ያየ ሽማግሌ እዚህ መካከል አይጠፋም። መቺውን ያስደነግጠዋል፣ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል፣ ማን ሰላም እንደፈለገ ያስመሰክራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ልምምድ በዚህ ጩኸት እናሳርጋለን። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው ወዳለበት መሄድ ነው።

ይህ የፈሪ ሙያ ነው ወይ?

«ይህ ሁሉ ሽሽት ነው» የሚል አይጠፋም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1764 የተወለደ ዳንኤል ሜንዶዛ የሚባል ቡጢኛ ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ያህል ነው፤ ከግዙፎቹ መካከል የሚቆጠር አልነበረም። በዚያን ዘመን ቡጢኞች አንድ ቦታ ቆመው መደባደብን እንደ ወንድነት ይቆጥሩት ነበር። እሱ ግን መከታንና ወደ ጎን መራመድን አሳምሮ አጥንቶ ከእሱ የገዘፉትን አሸነፈ፤ እ.ኤ.አ. ከ1792 እስከ 1795 ድረስም የአገሩ አሸናፊ ሆኖ ቆየ። ከኦኪናዋ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1922 ካራቴን በቶኪዮ ያሳየው ጊቺን ፉናኮሺም ለደቀ መዛሙርቱ አጥብቆ ያስተማረው በካራቴ ቀድሞ መምታት እንደሌለ ነው።

ወደ አገራችንም ስንመጣ ቡጢና ቴኳንዶ እንግዳ አይደሉም። በ1957 ዓ.ም. መባቻ በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ከኢትዮጵያ ስፖርተኞች መካከል ቡጢኞችም ነበሩ። እንደገና በዚያው ከተማ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በተከፈተው ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያ በቴኳንዶ ተወዳዳሪ አሰልፋለች። ስፖርት ዳኛ አለው፣ ጓንት አለው፣ ምንጣፍ አለው። የመንገድ ጠብ ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። በባዶ ጡጫ ጭንቅላት የሚመታ ሰው የገዛ እጁን አጥንት፣ በተለይም ከትንሿ ጣት ሥር ያለውን፣ ብዙ ጊዜ ይሰብራል። እጁ የተሰበረ ገበሬ ደግሞ በምን ሊያርስ ነው?

ሕግ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ይደነግጋል። ፍሬ ነገሩን በራሴ አነጋገር ላስረዳ። በራስህ ወይም በሌላ ሰው ላይ ከሕግ ውጭ የሆነ ጥቃት ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና የወሰድከው እርምጃ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ ከሆነ አትቀጣም። ልብ በሉ፤ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ሌላ መንገድ አለመኖሩንና መመጣጠኑን። አንቀጽ 79 ደግሞ ከልክ ስላለፈ መከላከል ይናገራል። ሰውየው ከልክ ካለፈ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ እንዲያው በነፃ ይሄዳል ማለት አይደለም፤ ያለፈው በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ተይዞ እንደሆነ ግን ፍርድ ቤቱ ያንን አይቶ ከቅጣት ነፃ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው ቡጢን ያሳለፈ ሰው ሕግ ከእሱ ጋር እንዳለ ነው። ቡጢውን አሳልፎ፣ ሰውየው ወድቆ ሳለ የረገጠው ግን ከተከላካይነት ወጥቶ አጥቂ ሆኗል። ልጆቹ ይህን በቃላቸው እንዲያውቁት እናደርጋለን።

ከፍርድ ቤቱ በላይም የምናውቀው ነገር አለ። በወሎ ደም ሲፈስ ነገሩ በሁለት ሰው አያበቃም። ዘመድ ይቆጠራል፣ ቂም ይወረሳል። አበጋሮች ደም ለማድረቅ፣ ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ፣ ስንት ደጅ እንደሚጠኑ እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። አበጋሩ ከደም በኋላ የሚደክመውን ድካም አንድ ወጣት ከደም በፊት በተከፈተ መዳፍ ሊያስቀረው ከቻለ፣ ይህ ትምህርት አምባጓሮ ነው ይባላል?

ሥልጠናው እንዴት ይካሄዳል?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ስለዚህ አንቸኩልም። ቦታው ከገደሉ የራቀ፣ ድንጋዩ የተለቀመ ደልዳላ ሜዳ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ቡጢ የለም። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ በተከፈተ እጅ የሌላውን ትከሻ ለመንካት ይሞክራል፣ ሌላው ያሳልፈዋል፤ ያውም ቀስ ተብሎ። በሁለተኛው ደረጃ እጁ ወደ ደረት ይመጣል፣ እግርም ይጨመራል። በሦስተኛው ደረጃ ጓንትና የጥርስ መከላከያ ያደረጉ ብቻ ቀጥታ ቡጢን በልክ ይለማመዳሉ። ጭድ የተሞላው ጆንያ ለመምታት ሳይሆን ርቀትን ለመለካት ነው የተሰቀለው። የሕፃናትን ጭንቅላት መምታት ፈጽሞ ክልክል ነው። ከደጋ ላይ ስላለን ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ የደከመው ይቀመጣል፣ ማንም አይስቅበትም።

ሴቶች ልጆችም ይማራሉ። ከገበያ ሲመለሱ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ መንገድ የሚዘጋባቸው እነሱ ናቸውና። ለእነሱ ርቀትን መጠበቅ፣ ግፍተራን ማሳለፍና መጮህ ከማንኛውም የጡጫ ዓይነት ይበልጣል።

የማንዋሸው ነገርም አለ። ይህ ትምህርት ለባዶ እጅ ብቻ ነው። ዱላ፣ ጩቤ ወይም መሣሪያ ለያዘ ሰው የተከፈተ መዳፍ መልስ አይሆንም። ያን ጊዜ ትምህርቱ አንድ ነው፤ መሸሽ፣ መጮህ፣ የተጠየቀውን ንብረት መስጠት። ላም ይተካል፣ ሰው አይተካም።

በልምምድም ሆነ በመንገድ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ካለ፣ «ደህና ነኝ» ቢልም ብቻውን አትተዉት። የሚያስመልሰው፣ ቃሉ የሚተሳሰርበት፣ ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድ፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ የሚጥለው፣ ወይም የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው የሰፋ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። ጠበል የሚወስደው ቤተ ሰብም ቢሆን ሐኪሙን አስቀድሞ ያሳየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የምጠይቃችሁ

በበኩሌ ለማኅበሩ የማቀርበው ጥያቄ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሥልጠናው እንዲቀጥል ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ በየልምምዱ ቢያንስ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ተገኝተው ይመልከቱ፤ ልጆቹ በሽማግሌ ፊት የተማሩትን በሽማግሌ ፊት ያከብሩታል። ሦስተኛ፣ በተማረው ነገር ሰው የመታ ልጅ ካለ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለማኅበሩ ይነገርና ከሥልጠናው ይውጣ።

መስከረም ሲጠባ እንግዶቻችን ወደ አምባው ይወጣሉ። ልጆቻችን በመንገዱ ዳር ቆመው ሕዝቡን ያስተናግዳሉ። የተቆጣ ሰው ሲያጋጥማቸው ጀርባቸውን ለተራራው፣ መዳፋቸውን ለሰላም ሰጥተው «ተው ወንድሜ» ይበሉ። ቡጢው ቢመጣም ያሳልፉት፤ መቺውንም፣ ራሳቸውንም፣ ከኋላ የምትመጣዋን ልጅ ያዘለች እናትም ያድኑ። የወጣው ሁሉ በእግሩ እንዲወርድ ነው የምንደክመው።